ስለ ቬንትሌተርና ስለ አተነፋፈስ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

የምሠራው ጽኑ ሕሙማን ክፍል ውስጥ ነው። በር ላይ ቆመው የሚጠብቁ አስታማሚዎች የሚጠይቁኝ ነገር ይመሳሰላል። ለልምምድ የሚመጡ የነርሲንግና የሕክምና ተማሪዎችም ዞሮ ዞሮ ያንኑ ነው የሚጠይቁት። ስለዚህ ለሁለቱም እንዲሆን አድርጌ ጻፍኩት። ቬንትሌተር ማለት ሰዉ "ማሽን" የሚለው፣ ለታካሚው የሚተነፍስለት መሣሪያ ነው። አብዛኛው ስለ አዋቂዎች ነው። የራሳችሁን ታካሚ በተመለከተ ግን አልጋው አጠገብ ያለውን ሐኪም ስሙ።

"ማሽን ላይ ገባ" ማለት አለቀለት ማለት ነው?

አይደለም። ፍርሃቱን ግን በደንብ አውቀዋለሁ። ኦክስጅን ሲገጠም እንኳ ለቅሶ የሚጀምር ቤተሰብ አለ። "ኦክስጅን ገጥመውለት ነው የሞተው" የሚባል ወሬ በየሰፈሩ ይወራል። ኦክስጅንም ሆነ ማሽን የሚመጣው ሰውየው በጣም ሲታመም ስለሆነ ነው እንዲህ የሚመስለው። የሚገድለው ሕመሙ ነው።

ማሽኑ ሳንባ ምች አያድንም፤ መርዝም አያጠፋም። የመተንፈስን ሥራ ከታካሚው ላይ ይቀበላል። በዚያ መሀል መድኃኒቱና የሰውነት የራሱ አቅም ይሠራሉ። ስለዚህ ለምን ማሽን ላይ እንደገባ ማወቅ ትልቁ ነገር ነው። ፀረ ተባይ ኬሚካል የጠጣ ወጣት የመተንፈሻ ጡንቻዎቹ ዝለው፣ የአየር ቧንቧው በፈሳሽ ተሞልቶ ይመጣል። ሳንባው ከዚያ በፊት ጤነኛ ነበር። መርዙ እስኪወጣለት ድረስ ማሽን ከተነፈሰለትና መድኃኒቱን በጊዜ ካገኘ በእግሩ ሊወጣ ይችላል። ሁለቱም ሳንባዎቻቸው የተጎዱ፣ ኩላሊታቸውም የደከመ አዛውንት ግን መንገዳቸው ረጅምና አስጊ ነው። ሐኪሙን "ይድናል ወይ?" ከማለታችሁ በፊት "ማሽን ላይ ያስገባው ነገር የሚስተካከል ነው?" ብላችሁ ጠይቁ። የተሻለ መልስ ታገኛላችሁ።

ኦክስጅንና ቬንትሌተር አንድ አይደሉም እንዴ?

የተለያዩ ናቸው። ኦክስጅን በአፍንጫ ቱቦ ወይም በማስክ ሲሰጥ ታካሚው የሚተነፍሰው በራሱ ጉልበት ነው። ቬንትሌተር አየሩን ራሱ ገፍቶ ያስገባል። ሰውየው መተንፈስ ካቆመ፣ አፍንጫው ላይ የቱንም ያህል ኦክስጅን ብትለቁ ሳንባው ውስጥ አይደርስም።

ለመሆኑ ስንተነፍስ ምንድን ነው የሚፈጠረው?

ከሳንባ ሥር ድያፍራም የሚባል ሰፊ ጡንቻ አለ። ሲኮማተር ወደ ታች ይወርዳል። የጎድን አጥንቶችም ወደ ላይና ወደ ውጭ ይከፈታሉ። ደረት ሲሰፋ ውስጡ ያለው ግፊት ከውጭው አየር ያንሳል፤ አየሩም ተስቦ ይገባል። ለማስወጣት አብዛኛውን ጊዜ ጡንቻው መላላቱ ብቻ ይበቃል።

የገባው አየር በብዙ መቶ ሚሊዮን የሚቆጠሩ ትንንሽ የአየር ከረጢቶች ጋ ይደርሳል። ግድግዳቸው እጅግ ስስ ነው። ከግድግዳው ማዶ ደም ያልፋል። እዚያ ላይ ሁለት ሥራዎች ይሠራሉ፦ ኦክስጅን ወደ ደም ይገባል፤ ካርቦንዳይኦክሳይድ ከደም ይወጣል።

እነዚህን ሁለት ሥራዎች ለያይቶ ማየት የትምህርቱ ግማሽ ነው። ተማሪዎቼን ደጋግሜ የማሰለቻቸው በዚህ ነው። ኦክስጅን በደንብ እንዲገባ በምንስበው አየር ውስጥ በቂ ኦክስጅን መኖር አለበት፤ ከረጢቶቹም ክፍት መሆን አለባቸው። ካርቦንዳይኦክሳይድ እንዲወጣ ደግሞ በየደቂቃው ከረጢቶቹ ድረስ የሚደርሰው ንጹሕ አየር መብዛት አለበት። አንዱ ሳይበላሽ ሌላው ሊበላሽ ይችላል። የደሙ ኦክስጅን በመለኪያ 98 በመቶ እያሳየ በካርቦንዳይኦክሳይድ ክምችት ራሱን የሚስት ታካሚ አለ። በተለይ ኦክስጅን እየተሰጠው ከሆነ ጣት ላይ ያለው መለኪያ ይህን አይነግራችሁም።

ትንፋሻችሁን ይዛችሁ ሞክሩት። ከጥቂት ቆይታ በኋላ የሚያስጨንቃችሁ በዋናነት የካርቦንዳይኦክሳይድ መጨመር ነው። ኦክስጅናችሁ ያኔ ገና ብዙም አልወረደም። አንጎላችን ደቂቃ በደቂቃ የሚከታተለው ካርቦንዳይኦክሳይድን ነው።

ቶሎ ቶሎ እየተነፈሰ እያየሁት፣ በቂ አየር አያገኝም ለምን ይሉኛል?

ይህ ጥያቄ በወረቀት ቢሠራ ይሻላል። ጤነኛ አዋቂ በአንድ ትንፋሽ 500 ሚሊ ሊትር ገደማ ያስገባል። ከዚህ ውስጥ 150 የሚሆነው ጉሮሮና የአየር ቧንቧ ውስጥ ይቀራል፤ ከረጢቶቹ ጋ አይደርስም። በደቂቃ 12 ጊዜ ቢተነፍስ 350 ሲባዛ በ12፣ 4,200 ሚሊ ሊትር ንጹሕ አየር ለሥራ ይውላል።

አሁን የታመመውን እንውሰድ። በደቂቃ 30 ጊዜ ይተነፍሳል። ትንፋሹ ግን አጭር ነው፤ 200 ሚሊ ሊትር ብቻ። በጠቅላላው 6,000 ይሆናል። ከጤነኛው ሰው አጠቃላይ ትንፋሽ እኩል ነው። ግን ከእያንዳንዱ 200 ላይ 150ው መንገድ ላይ ይቀራል። ከረጢቶቹ ጋ የሚደርሰው 50 ሲባዛ በ30፣ 1,500 ሚሊ ሊትር ብቻ ነው። የጤነኛውን ግማሽ እንኳ አይሞላም። ሰውየው በላብ ተጠምቆ እየታገለ ካርቦንዳይኦክሳይዱ ይከማችበታል።

ለዚህ ነው ደረቱን ብቻ ማየት የሚያታልለው። እንዲያውም የሚያስደነግጠኝ እንዲያ ሲታገል የነበረ ሰው ድንገት ዝም ሲል ነው። ቤተሰቡ "ተመስገን፣ ተኛ" ይላል። ብዙ ጊዜ የደከመ ሰው ነው። ያኔ ወዲያውኑ ጥሩን።

አዲስ አበባ ላይ ጣት ላይ የሚደረገው መለኪያ 93 ሲል ልደንግጥ?

ጤነኛ ከሆናችሁና ምንም የሚሰማችሁ ነገር ከሌለ አትደንግጡ። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 2,350 ሜትር ገደማ ላይ ናት። የአየሩ ግፊት ከባሕር ዳርቻው ሩብ ያህል ያንሳል። አየሩ ውስጥ ያለው ኦክስጅን በመቶኛ ያው 21 ነው፤ የሚገፋው ኃይል ግን ቀንሷል። ስለዚህ ሚላኖ ወይም ዱባይ ያለ ዘመድ "እኔ 98 ነኝ" ቢላችሁ ከራሳችሁ ጋር አታወዳድሩት።

በዚህ ላይ የአገራችን ሰው ለሳይንስ አስገራሚ ሆኗል። ሲንቲያ ቢል የተባለች አሜሪካዊት ተመራማሪና ባልደረቦቿ በ2002 (እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው) ባወጡት ጥናት፣ በሰሜን ተራሮች 3,530 ሜትር ላይ የሚኖሩ ሰዎችን ለኩ። በደማቸው ያለው አማካይ የኦክስጅን መጠን 95 በመቶ ገደማ ሆኖ ተገኘ። ደም ውስጥ ኦክስጅን የሚሸከመው ሄሞግሎቢናቸውም እንደ ቆላ ሰው ነበር። በደቡብ አሜሪካ የአንዲስ ተራሮች ያሉ ነዋሪዎች ግን እንዲህ ባለ ከፍታ ላይ ደማቸው ይወፍራል።

ድንበሩ ግን 90 ነው። ከዚያ በላይ ጥቂት ቁጥር ቢወርድ ደም የሚሸከመው ኦክስጅን ብዙም አይቀንስም። ከ90 በታች ግን ቁልቁለት ነው። የታመመ ሰው ከ90 በታች ካሳየ ኦክስጅን ያስፈልገዋል፤ ጊዜ አትስጡት።

ሌላም ነገር አለ። መለኪያው በብርሃን ነው የሚሠራው፤ ጠቆር ያለ ቆዳ ላይ ከእውነቱ ከፍ አድርጎ ሊያሳይ ይችላል። በ2020 አሜሪካ ውስጥ የወጣ ጥናት ይህን በጥቁር ታካሚዎች ላይ በግልጽ አሳይቷል። ውጭ አገር ያላችሁም ብትሆኑ፣ ትንፋሽ እያጠራችሁ "ቁጥርህ ጥሩ ነው" ከተባላችሁ ከደም ቅዳ ናሙና ተወስዶ እንዲታይ ጠይቁ። ሂና ወይም ጥፍር ቀለም ካለም ቁጥሩ ሊዛባ ስለሚችል ሌላ ጣት ሞክሩ።

ማሽኑ ስክሪን ላይ ያሉት ቁጥሮች ምንድን ናቸው?

ብዙ ናቸው፤ ዋናዎቹ አራት ናቸው። ሁለቱ ለካርቦንዳይኦክሳይድ፣ ሁለቱ ለኦክስጅን ናቸው ብላችሁ ብትይዙ አትሳሳቱም።

የአንድ ትንፋሽ መጠንና በደቂቃ ስንት ጊዜ የሚለው ካርቦንዳይኦክሳይድን ያስወጣሉ። ካርቦንዳይኦክሳይድ ከበዛ ሐኪሙ ከሁለቱ አንዱን ከፍ ያደርጋል። ብዙ ጊዜ በደቂቃ የሚሰጠውን የትንፋሽ ቁጥር ይጨምራል፤ መጠኑን መጨመር አደጋ ስላለው።

ለኦክስጅን ደግሞ አንደኛው የኦክስጅኑ መቶኛ ነው። ከ21 እስከ 100 ይሄዳል። መጀመሪያ ላይ 100 አድርገን ቶሎ ቶሎ እንቀንሳለን። ኦክስጅን በከፍተኛ መጠን ለቀናት ሲሰጥ ሳንባን ራሱን ይጎዳል። ቤተሰብ "ለምን ቀነሳችሁበት?" ብሎ ሲቆጣ አይቻለሁ። መቀነሱ የምሥራች ነው።

አራተኛው ፒፕ ይባላል። ታካሚው አየር አስወጥቶ ሲጨርስ ሳንባው ውስጥ የምናስቀረው ግፊት ነው። ፊኛ ነፍታችሁ ታውቃላችሁ? ከባዱ የመጀመሪያው ትንፋሽ ነው፤ ትንሽ ከተነፋ በኋላ ይቀላል። የአየር ከረጢቶችም ሙሉ በሙሉ ከተዘጉ መልሶ መክፈት ከባድ ነው። ፒፕ እንዳይዘጉ ይይዛቸዋል። አብዛኛውን ጊዜ ከ5 ሳንቲ ሜትር ውኃ ይጀመራል፤ ይህ የግፊት መለኪያ ነው። ሳንባው በጣም ከተጎዳ ከፍ ይላል።

ብዙ አየር ቢሰጡት አይሻልም?

አይሻልም። ይህን ለማወቅ ሕክምናው ብዙ ሰው ከፍሏል።

ቀደም ባለው ጊዜ በአንድ ትንፋሽ በኪሎ ከ10 እስከ 15 ሚሊ ሊትር መስጠት የተለመደ ነበር። የደም ውጤቱ ያምራል። በ2000 ግን አሜሪካ ውስጥ 861 ከባድ የሳንባ ጉዳት ያለባቸው ታካሚዎች የተሳተፉበት ጥናት ውጤት ወጣ። ግማሾቹ በኪሎ 12፣ ግማሾቹ በኪሎ 6 ሚሊ ሊትር ነበር የተሰጣቸው። 12 ከተሰጣቸው 39.8 በመቶ ሞቱ። 6 ከተሰጣቸው 31 በመቶ። አዲስ መድኃኒት አልነበረም፤ አዲስ ማሽንም አልነበረም። ትንፋሹን ማሳነስ ብቻ ነው።

ምክንያቱ ይህ ነው። የታመመ ሳንባ ሁሉም ክፍሉ አይሠራም። ፈሳሽ የሞላው ክፍል አየር አይቀበልም። የምንገፋው አየር በሙሉ በቀረችው ጤነኛ ክፍል ላይ ይወርዳል፤ እሷንም ይለጥጣታል፤ ያቆስላታል።

ኪሎው የሚሰላው ደግሞ በቁመት ነው፣ በሚዛን አይደለም። ሰው ሲወፍር ሳንባው አያድግም። 170 ሳንቲ ሜትር ቁመት ያለው ወንድ ቢመዝንም 95 ኪሎ፣ ለስሌቱ የምንጠቀመው 66 ኪሎ ነው። በ6 ሲባዛ ወደ 400 ሚሊ ሊትር ገደማ ይመጣል። ስለዚህ ተማሪዎች ሆይ፣ ማሽኑን ከመንካታችሁ በፊት ሜትር አውጡና ታካሚውን ለኩ። ይህን በአይን ግምት መሥራት ልማድ ሆኖ ሳይ ያናድደኛል። ሜትር ርካሽ ነው።

ማሽኑ እንደተገጠመ የደም ግፊቱ ወረደ። ማሽኑ ነው?

ሊሆን ይችላል። በተፈጥሮ አየር የምንስበው ደረት ውስጥ ያለውን ግፊት ዝቅ በማድረግ ነው። ያ ደምንም ወደ ልብ ይስባል። ማሽኑ ተቃራኒውን ያደርጋል፤ አየር ይገፋል። ደረት ውስጥ ያለው ግፊት ሲጨምር ወደ ልብ የሚመለሰው ደም ይቀንሳል። የሚያስተኛው መድኃኒትም የራሱን ይጨምራል። በተቅማጥ ወይም በደም መፍሰስ ውኃው ያለቀ ታካሚ ላይ ይህ በደንብ ይታያል። ለዚህ ነው ማሽኑ የሚገጠምበት ቱቦ በአፍ በኩል ወደ አየር ቧንቧው ከመግባቱ በፊት ደም ሥር ተከፍቶ ፈሳሽና መድኃኒት የሚዘጋጀው።

ለምን በሆዱ ያስተኙታል?

በጀርባ ስንተኛ የሳንባው የጀርባ በኩል ይጨፈለቃል። በሆድ ሲገለበጥ ያ ሰፊ ክፍል ይከፈታል። በ2013 ፈረንሳይ ውስጥ የተመራ ጥናት ከባድ የሳንባ ጉዳት ያለባቸውን በቀን ቢያንስ 16 ሰዓት በሆዳቸው አስተኝቶ፣ በ28 ቀን ውስጥ የሚሞቱትን ከ32.8 ወደ 16 በመቶ አውርዷል። የሚጠይቀው ሰው ነው፤ ቱቦው እንዳይወጣ እየያዙ በአንድ ላይ የሚገለብጡ አራት አምስት ሰዎች።

ሁልጊዜ ቱቦ የግድ ነው?

አይደለም። ነቅቶ የሚተባበር ታካሚ ከሆነ፣ በተለይ የቆየ የሳንባ በሽታ ወይም የልብ ድካም ያለበት፣ ፊቱ ላይ ጥብቅ ብሎ በሚታሰር ማስክ ግፊት መስጠት ይቻላል።

ለሕፃናት ደግሞ ባብል ሲፓፕ አለ። እኔ በጣም የምወደው መሣሪያ ነው። ኦክስጅኑ በሕፃኑ አፍንጫ ያልፋል፤ የመውጫው ቱቦ ጫፍ ውኃ ባለበት ጠርሙስ ውስጥ ይነከራል። ጫፉ 5 ሳንቲ ሜትር ከጠለቀ፣ ሕፃኑ ሳንባ ውስጥ የሚቀረው ግፊት 5 ሳንቲ ሜትር ውኃ ነው። ያው ፒፕ ነው እንግዲህ። ውኃው ካልተንቦጫረቀ የሆነ ቦታ አየር እየወጣ ነው ማለት ነው። እናቶች ሳይቀሩ ቆመው አረፋውን ይከታተላሉ።

አገራችን ብዙ ቬንትሌተር ብትገዛ ችግሩ አይፈታም?

በ2020 ኮቪድ ሲመጣ ሁሉም የሚቆጥረው ቬንትሌተር ነበር። እኔ የምቆጥረው ነርስ ነው።

ይህ ሕክምና እንዴት እንደተጀመረ ተመልከቱ። በ1952 ኮፐንሃገን ላይ ኃይለኛ የፖሊዮ ወረርሽኝ ገባ። ብሌግዳም በተባለው ሆስፒታል ሙሉ ሰውነትን ውስጡ የሚያስገባው፣ የብረት ሳንባ የሚሉት ማሽን የነበረው አንድ ብቻ ነው። ደረት ላይ የሚታሰር ስድስት ትንንሽ መሣሪያም ነበራቸው። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት መተንፈስና መዋጥ ካቃታቸው 31 ታካሚዎች 27ቱ ሞቱ። ደማቸው ሲመረመር የታየውን ለውጥ ሐኪሞቹ በሌላ ምክንያት የመጣ አድርገው ተርጉመውት ነበር። ቢዮርን ኢብሰን የተባለ የሰመመን ሐኪም ሲጠራ ካርቦንዳይኦክሳይድ መከማቸቱ መሆኑን ተናገረ። በነሐሴ ወር መጨረሻ ላይ ልትሞት የደረሰች የ12 ዓመት ልጅ አንገት ተከፍቶ ቱቦ ገባላት። ከቱቦው ጋር በተያያዘ የጎማ ከረጢት በእጅ እየተጨመቀ ተነፈሱላት። ልጅቷ ተረፈች።

ከዚያ በኋላ ወደ 1,500 የሚሆኑ ተማሪዎች ተጠሩ። በፈረቃ እየተቀያየሩ፣ ቀንና ሌሊት፣ ለወራት በእጃቸው ተነፈሱላቸው። የሞቱ መጠን ከ87 በመቶ ወደ 25 በመቶ ገደማ ወረደ። በቀጣዩ ዓመት ኢብሰን እዚያው ኮፐንሃገን ውስጥ የዛሬውን የጽኑ ሕሙማን ክፍል መሠረት ጣለ።

ማሽኑ ሳይኖር ሰው ዳነ። ማሽን ኖሮ አክታ የሚመጥ፣ ጎን የሚያገላብጥ፣ አፍ የሚያጥብ፣ ሌሊት 9 ሰዓት ላይ ሲጮህ የሚደርስ ሰው ከሌለ ግን ማንም አይድንም። ኦክስጅኑ ሳይቋረጥ መምጣቱ፣ መብራቱ፣ ማሽኑ ሲበላሽ የሚጠግን የባዮሜዲካል ባለሙያ መኖሩም እንደዚያው። ለሆስፒታል መለገስ የምትፈልጉ፣ በተለይ ውጭ ያላችሁ፣ ማሽን ጭናችሁ ከመላካችሁ በፊት ክፍሉን "ምን ጎደላችሁ?" ብላችሁ ጠይቁ። ሳክሽን ማሽን (አክታ መምጠጫ)፣ ፊልተር፣ የአዋቂና የሕፃን ሴንሰር ሊሏችሁ ይችላሉ።

መብራት ቢጠፋስ?

ብዙዎቹ ማሽኖች ባትሪ አላቸው፤ ጄነሬተሩ እስኪነሳ ይይዛሉ። በየአልጋው አጠገብ ደግሞ አምቡ ባግ መንጠልጠል አለበት፤ በእጅ የሚጨመቀው ከረጢት ማለት ነው። እሱም ከዴንማርክ የመጣ ነው፤ በ1950ዎቹ።

እጁን ለምን አሠሩት? ይሰማናል?

ከእንቅልፉ ሲባንን መጀመሪያ የሚይዘው ቱቦውን ስለሆነ ነው። ነቅቶ የሚረጋጋ ከሆነ ይፈታል። እናንተ አጠገቡ ሆናችሁ እጁን ከያዛችሁ ለዚያ ሰዓት ይፈታልኝ ማለት ትችላላችሁ።

ሊሰማ ይችላል። ስለዚህ በስሙ ጥሩት፣ ቀኑን ንገሩት፣ የልጆቹን ወሬ አውሩለት። አልጋው አጠገብ ሆናችሁ ስለ ገንዘብ ወይም ስለ ሞት አትነጋገሩ። መናገር ግን አይችልም። ቱቦው በድምፅ አውታሮቹ መሀል ስለሚያልፍ አየር አይነካቸውም።

ጠበል ልናጠጣው እንችላለን?

ቱቦ እያለ በአፍ ምንም አይሰጥም፤ ጠብታም ቢሆን። መዋጥ ስለማይችል ወደ ሳንባ ሊወርድ ይችላል። ምግቡም በአፍንጫ በኩል ጨጓራ ድረስ በሚገባ ቱቦ ነው የሚሰጠው። ግንባሩን ወይም እጁን መቀባት ከፈለጋችሁ ሲስተሯን ጠይቁ። አብዛኞቻችን ደስ ብሎን እንፈቅዳለን።

ቱቦው መቼ ይወጣል?

ያስገባው ምክንያት ሲሻሻል፣ የኦክስጅኑ መቶኛና ፒፑ ሲወርዱ፣ ሲነቃና ሲያስል። ያኔ የማሽኑን እገዛ ዝቅ አድርገን ለግማሽ ሰዓት ያህል፣ አንዳንዴም እስከ ሁለት ሰዓት፣ በራሱ እንዲተነፍስ እንፈትነዋለን። ከተረጋጋ ይወጣል። ከወደቀ አትዘኑ፤ በማግስቱ ይደገማል። ከሳምንት ሁለት ሳምንት በላይ የሚቆይ ከመሰለ አንገት ላይ በቀዶ ሕክምና ቱቦ ማስገባት ይመከራል፤ ያ ለአፉም ለማገገሙም ይቀለዋል።

ከወጣ በኋላ ድምፁ ይጎረንናል፣ ጉሮሮው ይቆስላል፤ ብዙ ጊዜ በቀናት ውስጥ ይሻለዋል። የመጀመሪያውን ውኃ ነርሷ እያየች በማንኪያ ይቅመስ። ካሳለው አቁሙ። ድምፁ ከሳምንታት በኋላም ካልተመለሰ ወይም ሲተነፍስ ጉሮሮው ካፏጨ፣ የአንገት በላይ ሐኪም ሳይውል ሳያድር ይየው።